ቢጫዋ ነጥብና ምስክሯ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ነገሩ ከገዛ ጣቴ ይጀምራል።

ዐሥረኛ ክፍል ነበርኩ። በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የናይትሪክ አሲድ ብልቃጥ ስከድን አንዲት ጠብታ ሌባ ጣቴ ላይ አረፈች። መምህራችን ሮጦ እጄን ከቧንቧ ስር አስገባው፤ ውኃው ለረጅም ጊዜ ወረደበት፤ ቃጠሎው በረደልኝ። እቤት ስደርስ ግን ጠብታዋ ያረፈችበት ቦታ ደማቅ ቢጫ ሆኗል። አያቴ እጄን ተቀብላ ወደ ብርሃን አዞረችውና «አንቺ ልጅ፣ እርድ ስትነኪ ነው የዋልሽው?» አለችኝ። በሳሙና ፈተገችው። በሎሚ አሸችው። እንዳለ ነው። በመጨረሻ እጄን ለቀቀችና «ይሄስ የተቀባ አይደለም ልጄ፤ ከሥጋሽ ጋር ተዋህዷል» አለች።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የተናገረችው ግን እውነት ነበር። ነጥቧ የለቀቀችኝ ቆዳው ራሱ ተልጦ አዲስ ሲተካ ነው።

ፕሮቲንን በክር እንደተሰካ ዶቃ አስቡት። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ፤ ሃያ ዓይነት ናቸው። ከሃያዎቹ አንዷ ታይሮሲን ናት። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1846 ከአይብ ውስጥ ለይቶ አወጣት፤ ስሟም አይብ ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።) ታይሮሲን በጎኗ የካርቦን ቀለበት አንጠልጥላለች። ናይትሪክ አሲድ ሲደርስባት አንድ ናይትሮጅንና ሁለት ኦክሲጅን፣ በድምሩ ሦስት አተም፣ ቀለበቷ ላይ ይለጠፋሉ። ያን ጊዜ ቢጫ ትሆናለች፤ ሦስቱ አተሞች አብረው ናይትሮ ይባላሉ፣ እሷም ናይትሮታይሮሲን ትባላለች። ጣቴን ያቀለመው አሲዱ ሳይሆን አሲዱ የለወጠው የራሴው ፕሮቲን ነበር ማለት ነው።

ዛሬ የምተርክላችሁ ግን አንድም ጠብታ አሲድ ሳይፈስ በሰውነታችን ውስጥ፣ በልብ ደም ቅዳ፣ በኩላሊት፣ በአንጎል ስለምትታተም ያችው ነጥብ ነው። ማን እንደሚያትማትና እንዴት እንደተደረሰባት።

አታሚው ከሁለት ወላጆች ይወለዳል፤ መጀመሪያ ደጉን ላስተዋውቃችሁ። አልፍሬድ ኖቤል በዕድሜው ማምሻ ልቡን ሲታመም ሐኪሞቹ ናይትሮግሊሰሪን አዘዙለት፤ ዲናሚት ሠርቶ የከበረበትን ያንኑ ፈንጂ! መድኃኒቱ ደም ስርን እንደሚያሰፋ ይታወቅ ነበር፤ እንዴት እንደሚያሰፋ ግን ያወቀ ሰው አልነበረም። በ1980 ኒው ዮርክ ውስጥ ሮበርት ፈርችጎት በጥንቸል ደም ቅዳ ሲሠራ አንድ ነገር ልብ አለ። የደም ስሩ የውስጥ ገበር ሳይነካ ሲቀር ስሩ ይላላል፤ ገበሩ ከተፋቀ ግን አይላላም። ገበሩ አንድ መልእክት ይልካል ማለት ነው። መልእክተኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ፣ ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣ ተራ ጋዝ መሆኑ በ1987 ታወቀ። በ1998 ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በዚሁ ሥራ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። በኖቤል ስም የተሰጠው ሽልማት የኖቤልን የልብ መድኃኒት ምሥጢር ለፈቱት ሰዎች ደረሰ።

ሁለተኛው ሱፐርኦክሳይድ ነው። የምንተነፍሰው ኦክሲጅን በህዋሳችን ውስጥ ሲቃጠል አንድ ኤሌክትሮን አላግባብ የተሸከመ ኦክሲጅን አልፎ አልፎ ያመልጣል። ነጭ የደም ህዋሶችም ተህዋስያንን ለመግደል ሆን ብለው ያመርቱታል። ሰውነታችን ከዚህ የሚጠብቀው ዘበኛ አለው፤ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። በ1969 ጆ ማክኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች በዱክ ዩኒቨርሲቲ አገኙት። ይህ ዘበኛ ከምናውቃቸው ኢንዛይሞች ሁሉ እጅግ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ደጉ መልእክተኛና ያመለጠው ኦክሲጅን በመንገድ ይገናኛሉ። ሲገናኙ የሚጣበቁበት ፍጥነት ዘበኛው ሱፐርኦክሳይድን ከሚይዝበት ፍጥነት በሦስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ዘበኛው ሳይደርስ ሦስተኛ ነገር ይወለዳል፤ ፐሮክሲናይትራይት። በ1990 አላባማ፣ በርሚንግሃም ከተማ የሚሠሩት ጆሴፍ ቤክማንና ባልደረቦቹ ይህ ልጅ በሰውነት ውስጥ አጥፊ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ወላጆቹ ለብቻ ለብቻቸው ይህን ያህል አይጎዱም። ልጁ ግን ስቡን ያበላሻል፣ የዘር ውርስ ክሩን ይቆርጣል፤ ታይሮሲን ላይም ያችን ሦስት አተም ይለጥፋል።

ችግሩ ልጁን መያዝ አለመቻሉ ነበር። ዕድሜው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ሐኪሙ የሟችን ደም ቅዳ ቆርጦ ማይክሮስኮፕ ስር ሲያስቀምጥ ጥፋተኛው ከሞተ ቀናት አልፈዋል። የሚቀረው ዱካው ነው። ዱካውም እንደ ጣቴ ነጥብ በዓይን አይታይም፤ ሕመም ባለበት ቦታ እንኳ ነጥቧን የያዙት ከአሥር ሺህ ታይሮሲኖች መካከል ጥቂቶቹ ናቸው።

ስለዚህ ምስክር መፈለግ ነበረበት።

ምስክሯ በሕክምናው ቋንቋ ፀረ እንግዳ አካል ትባላለች፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ሁሉም አንቲቦዲ ነው የሚላት። ለበሽታ መከላከያ ሰውነታችን የሚሠራት፣ ሁለት ክንድ ያላት ፕሮቲን ናት። በክንዶቿ ጫፍ አንድን ቅርጽ ብቻ ትጨብጣለች። ጥያቄው ከአንድ ትልቅ ፕሮቲን ላይ ሦስት አተም ብቻ ለይታ የምትጨብጥ አንቲቦዲ ማግኘት ይቻላል ወይ ነው።

ይቻላል ያሰኘው የቪየናው ሰው ካርል ላንድስታይነር ነው፤ የደም ዓይነቶችን ያገኘው እሱ ነው፣ በ1930 ኖቤል የተሸለመበትም ሥራ ይኸው ነው። እኔ ግን የማደንቅለት ሌላኛውን ሥራውን ነው። ጥቃቅን ኬሚካሎችን ለብቻቸው ለእንስሳ ቢሰጧቸው ሰውነቱ ጉዳዬ ብሎ አያያቸውም። ላንድስታይነር ከትልቅ ፕሮቲን ጋር አሰራቸው። ያን ጊዜ እንስሳው አንቲቦዲ ሠራላቸው። በዚያውም ላይ አንቲቦዲዎቹ አንድ ኬሚካል ቀለበቱ ላይ ከጎን ይሁን ከማዶ መለጠፉን እንኳ ይለዩ ነበር። ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሬ ተነስቼ መስኮት ጋ ሄጄ ቆሜ እንደነበር አስታውሳለሁ።

የቤክማን ቡድን ለናይትሮታይሮሲን ተሸካሚ ያደረገው ፕሮቲን ደግሞ ከባሕር የመጣ ነው። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ዐለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ አለ። ደሙ ኦክሲጅን የሚሸከመው እንደ እኛ በብረት ሳይሆን በመዳብ ነው፤ ስለዚህ ሰማያዊ ነው። ያን ሰማያዊ ፕሮቲን ወሰዱ፣ ታይሮሲኖቹ ላይ ናይትሮ አስለጠፉ፣ ለጥንቸልና ለአይጥ በመርፌ ሰጡ። የእንስሶቹ ሰውነት እንግዳውን ቅርጽ አየና ምስክሮቹን ሠራ።

ከጥንቸል የሚገኘው ደም ግን የብዙ አንቲቦዲዎች ድብልቅ ነው፤ አንዱ አጥርቶ ያያል፣ ሌላው ያደናግራል፤ ጥንቸሏም ስትሞት ድብልቁ አብሯት ያልቃል። ከአይጧ ግን ሌላ መንገድ አለ። በ1975 ካምብሪጅ ላይ ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልሽታይን አንቲቦዲ የሚያመነጭ የአይጥ ጣፊያ ህዋስን መሞት ከማያውቅ የካንሰር ህዋስ ጋር አዋሃዱ። የተወለደው ህዋስ ከአንዱ ወላጁ ሙያውን፣ ከሌላው ዕድሜውን ወረሰ፤ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ እያመረተ ይኖራል። በዚህ ዘዴ ናይትሮታይሮሲንን የሚያውቅ የህዋስ ዘር ተገኘ፤ 1ኤ6 ተባለ፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ቤተ ሙከራዎች ተሰራጨ።

ምስክር ተገኘ ማለት ግን ክሱ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። የኛ አባቶች በሙግት ላይ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ምስክርን እንዴት እንደሚያፋጥጡ ታውቃላችሁ። አየሁ ላለው ሁሉ «በምን አየህ? ከየት ቆመህ? ጨለማ አልነበረም ወይ?» ይሉታል። በርሚንግሃሞችም ምስክራቸውን እንዲሁ ለጥያቄ አቀረቡ። አንደኛው ጥያቄ ይኸውላችሁ። አንቲቦዲዋን ከመጠቀማቸው በፊት ነጻ ናይትሮታይሮሲን ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ጨመሯት። እውነት የምታውቀው ይህንን ከሆነ ክንዶቿ ይሞላሉና ከሥጋው ላይ የምትይዘው አይኖራትም። ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ይረቃል። ሥጋውን በዳይታዮናይት አጠቡት፤ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ለማንጣት የሚያገለግል ኬሚካል ነው። ዳይታዮናይት የናይትሮውን ሁለት ኦክሲጅኖች ገፍፎ በሃይድሮጅን ይተካቸዋል፤ ቢጫዋ ነጥብ ቀለሟን ታጣለች። ሥጋው ያው ሥጋ ነው፣ ፕሮቲኑ ያው ነው፤ የተነሳው ያ ምልክት ብቻ ነው። ምስክሯ እዚህ ሥጋ ላይ «አየሁ» ካለች ሐሰተኛ ናት።

ዝም አለች።

በ1994 ውጤቱን አወጡት። ስብ በተጋገረባቸው የሰው የልብ ደም ቅዳዎች ላይ ናይትሮታይሮሲን በሰፊው ታየ፤ በተለይ ስብ ጠጥተው አረፋ በመሰሉት ህዋሶች ውስጥና ዙሪያ። ለአራት ዓመት በብልቃጥና በወረቀት ላይ ብቻ የነበረው ጥፋተኛ በሰው ልብ ውስጥ ዱካውን ትቶ ተገኘ።

ከዚያ የመጣውን ዝርዝር ብነግራችሁ መሽቶ ይነጋል፤ አንዱን ብቻ ላውጋችሁ፤ የኩላሊቱን። በ1996 እዚያው አላባማ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ከሌላ ሰው ተተክለው ቀስ በቀስ ሰውነት የገፋቸውን ኩላሊቶች መረመሩ። ናይትሮ የተለጠፈባቸውን ፕሮቲኖች ሲለዩ አንደኛው ማን ሆኖ ተገኘ? ዘበኛው! ቅድም የነገርኳችሁ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ፣ በተለይም በህዋሱ የኃይል ማመንጫ ውስጥ የሚቆመው የማንጋኒዙ ዓይነት። ሥራውን አቁሟል። በዚህ ኢንዛይም ሠላሳ አራተኛው ዶቃ ታይሮሲን ነው፤ የተቀመጠውም ሱፐርኦክሳይድ በሚገባበት በር ላይ ነው። እዚያ ላይ ሦስቱ አተሞች ሲለጠፉ በሩ ይዘጋል። ዘበኛው ሲወድቅ ሱፐርኦክሳይድ ይበዛል፤ ሱፐርኦክሳይድ ሲበዛ ፐሮክሲናይትራይት ይበዛል፤ እሱም ሌላውን ዘበኛ ይጥላል። ለዓመታት ኩላሊት ጠብቆ፣ ከወንድም ከእህት አግኝቶ፣ ተክሎ፣ ከዚያ መልሶ የሚያጣ ሕመምተኛ ውስጥ የሚካሄደው ይህ ነው። የዚያች ነጥብ ነገር ለእኔ ከጣት ቀለም ያለፈው ይህን ከተረዳሁ ጀምሮ ነው።

አሁን የራሴን ስህተት ልንገራችሁ፤ ከዚህ ተረክ ማውጣት አልችልም።

የምርምር ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ከታመመ አይጥ የተወሰደ ሳንባ ላይ ይህን ነጥብ እፈልግ ነበር። አንቲቦዲዋ ራሷ ቀለም የላትም። የአይጥ አንቲቦዲን የሚያውቅ ሁለተኛ አንቲቦዲ፣ ብዙ ጊዜ ከፍየል ወይም ከፈረስ የተገኘ፣ ተከትሏት ይገባል፤ እሱ የተሸከመው ኢንዛይም ነው ቡናማ ቀለም የሚያወጣው። ስላይዱን ማይክሮስኮፕ ስር አስገባሁ። ቡናማ! ከዳር እስከ ዳር ቡናማ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ባልደረቦቼን ጠርቼ አሳየሁ። በዚያች ቀን ጣቴን እያየሁ አያቴን አስታወስኩ።

ማታ ላይ አንዲት ከእኔ ቀደም ያለች የቤተ ሙከራ ሠራተኛ መጣችና «በዳይታዮናይት ያጠብሽውስ የታል እህቴ?» አለችኝ። አልሠራሁትም ነበር። በነጋታው ሠራሁት። ያም ቡናማ ሆነ። ያለ ፊተኛዋ አንቲቦዲ፣ ሁለተኛውን ብቻ አድርጌ ሞከርኩት። እሱም ቡናማ።

ምን ነበር የሆነው? ምስክሬ የአይጥ ልጅ ናት፤ ሥጋውም የአይጥ ነው። በአይጧ ሳንባ ውስጥ የራሷ የአይጧ አንቲቦዲዎች ሞልተዋል። ምስክሯን ፈልግ ተብሎ የተላከው ሁለተኛው አንቲቦዲ ቤተሰቡን በሙሉ ምስክር ነው ብሎ ያዘው። ሳንባው ሁሉ የጮኸው ስለ ናይትሮታይሮሲን አንዳች ሳይናገር ነው።

በድሮ ዘመን ሌባሻይ የሚባል ነበር። ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ለጋ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ፣ ወገቡ በመቀነት ተይዞ፣ በመንደሩ ይሮጣል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ስንቱ ምስኪን ልጁ በሩ ላይ ስለወደቀ ብቻ ከብቱን ሸጠ! ያን ሌሊት ሳስበው ያልተፈተነ አንቲቦዲ ያው ሌባሻይ መሆኑ ታየኝ። የሆነ ቦታ ሁሌም ይወድቃል። የወደቀበትን በሽታ ብለን ከጻፍን፣ ጽሑፋችንን አንብቦ መድኃኒት የሚፈልግ ሌላ ሰው ዓመታቱን ከዚያ ቤት ደጃፍ ላይ ይጨርሳል።

እውነተኛዋም ምስክር ብትሆን መጠየቅ ያለባት እስካየችው ድረስ ነው። ለጥቂት ዓመታት ናይትሮታይሮሲን የተገኘበት ሁሉ ፐሮክሲናይትራይት ነበረ ይባል ነበር። በ1998 ጄሰን አይዘሪችና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ እንዳለ አሳዩ። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ህዋሶች ማይሎፐሮክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ይይዛሉ፤ ያ ኢንዛይም ናይትራይት ከተባለ ሌላ ውሁድ ተነስቶ ያችኑ ሦስት አተም ይለጥፋል። ፐሮክሲናይትራይት እዚያ ሳይኖር! ምስክሯ አልዋሸችም፤ ምልክቱን አይታለች። ማን እንዳተመው ግን አላየችም። ለዚህ ሌላ ማስረጃ፣ ሌላ አውጫጭኝ ያስፈልጋል።

መጠኑን ለማወቅም አንቲቦዲ ብቻዋን አትበቃም። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው ማሽን ፕሮቲኑን ቆራርጦ ይመዝነዋል፤ ናይትሮ የተለጠፈባት ታይሮሲን ከእህቷ በ45 የአተም ክብደት አሃድ ትከብዳለች፤ በክር ውስጥ ስንተኛዋ ዶቃ እንደሆነችም ይነግረናል። እሱም ቢሆን ይሳሳታል። ናሙናው ውስጥ ናይትራይት ካለና በአሲድ ከተቀቀለ፣ ነጥቧ እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ትፈጠራለች፤ ልክ በጣቴ ላይ እንደተፈጠረችው። መርማሪው ራሱ ያተመውን ዱካ በሽተኛው ላይ እንዳገኘው ይቆጥራል።

ቢሆንም በጥንቃቄ የተጠየቀች ምስክር ብዙ ታሳያለች። በ2000 ፔንሲልቬኒያ ላይ የፓርኪንሰን ሕሙማንን አንጎል የመረመሩ ሰዎች ከማንኛውም ናይትሮታይሮሲን ይልቅ፣ አልፋ ሲኑክሊን በተባለው አንድ ፕሮቲን ላይ ያለውን ብቻ የሚያውቁ አንቲቦዲዎች ሠሩ። በበሽታው በሚጎዱት ህዋሶች ውስጥ የሚከማቹት ጓጎሎች ላይ ምልክቱን አገኙት። በ2015 ደግሞ አንድሩ ብራድበሪና አንድሬያስ ፕሉክቱን፣ ከ110 ሳይንቲስቶች ፊርማ ጋር፣ ለምርምር የሚሸጡ አንቲቦዲዎች ሁሉ በዘር ቅደም ተከተላቸው ተለይተው እንዲታወቁ በኔቸር መጽሔት ላይ ጠየቁ። እኔ ብጠየቅ ኖሮ ስሜን በደስታ አስፍር ነበር።

ወደ ሳንባው ልመለስና ልጨርስ። ያችው የቤተ ሙከራ እህቴ ከጥንቸል የተገኘ አንቲቦዲ አመጣችልኝ፤ ሁለተኛውም ጥንቸልን እንጂ አይጥን የማያውቅ ሆነ። ከአንዱ ሳንባ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ቆረጥኩ። አንዱን በዳይታዮናይት አጠብኩ፤ ሌላውን በዚያው ልክ በባዶው ማጠቢያ ፈሳሽ። ሁለቱም በአንድ ሰዓት አንቲቦዲ ጠጡ፣ በአንድ ሰዓት ቀለም ገቡ። ሲደርቁ የትኛውን ቀድሜ እንደማይ አላመነታሁም።

የታጠበውን ማይክሮስኮፑ ስር አስገባሁ። የህዋሶቹ አስኳሎች ሰማያዊ፣ የአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ ገርጣ ያለ። አጉልቼ አየሁ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ዞርኩ። ቡናማ የለም። እህቴ ከኋላዬ ቆማ «እሺ፣ አሁን ሌላውን» አለችኝ።